የወረቀቷ ኮሶ

ሰሞኑን ክፍል ውስጥ የገጠመኝን ላውጋችሁ።

ተማሪዎቼን በቡድን ከፍዬ "በጎንደር ዘመን የነበረ የባላገር ግቢ በትንሹ ሠርታችሁ አምጡ" አልኳቸው። ጎጆው ከካርቶን፣ ተክሉ ከወረቀትና ከሽቦ። አሠራሩ ቀላል ነው፦ አራት አምስት ቀጫጭን ሽቦ አንድ ላይ ይጠመዘዛል፤ የታችኛው ጫፍ ተበትኖ ሥር፣ የላይኛው ቅርንጫፍ ይሆናል። ግንዱ ሙጫ በተቀባ ወረቀት ይጠቀለላል። ቅጠሉ ከአሮጌ ደብተር ተቆርጦ፣ አረንጓዴ ተቀብቶ ይለጠፋል። ለኮባ ደግሞ በሁለት ወረቀት መሃል ሽቦ ታስገቡና ቅጠሉን እንደፈለጋችሁ ታጎብጡታላችሁ።

ሰኞ ይዘው መጡ። ጎጆዎቹ ያምራሉ! ግን ከአንዱ ቡድን በቀር የሁሉም ግቢ በባሕር ዛፍ የተከበበ ነው።

"ልጆች፣ አፄ ፋሲል ጎንደርን የቆረቆሩት በ1628 ዓ.ም. ገደማ ነው። ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ ወደ አገራችን የገባው ግን በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1887 ዓ.ም. አካባቢ ነው። መሃሉን ቁጠሩት" አልኳቸው። 260 ዓመት ገደማ! በአዲስ አበባ ዙሪያ እንጨት አልቆ፣ ምኒልክ ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ እስከማሰብ ደርሰው ነበር። ቶሎ የሚደርሰው ባሕር ዛፍ ነው ችግሩን ያቃለለው። ከዚያ በየአገሩ ተስፋፋና ዛሬ ልጆቻችን ከጥንት የነበረ ይመስላቸዋል።

"ታዲያ ቲቸር፣ ከዚያ በፊት ምን ነበር?" አለኝ አንዱ።

መልሱ የቀረው ቡድን ጠረጴዛ ላይ ነበር። አንዲት ልጅ አያቷን ጠይቃ፣ ቀላ ያለ የወረቀት ዘለላ የተንጠለጠለበት ዛፍ ሠርታለች። ማንም አላወቀውም። ኮሶ ነው! እውነቱን ልናገርና፣ እኔም "እንደ ኮሶ መረረኝ" ከማለት በቀር ዛፉን ለይቼ አላውቀውም ነበር። አያቶቻችን ግን ጥሬ ሥጋ ለሚያመጣው ትል አበባውን እየጠጡ ነው የኖሩት።

ኮሶ በወረቀት ሲሠራ የመጀመሪያው አይደለም። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር ሲገባ ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል ጣሊያናዊ ሠዓሊ አብሮት ነበር። ባሉጋኒ የአገራችንን ተክሎች እየሣለ ቆይቶ እዚያው ጎንደር ሞተ፤ ሥዕሎቹ ግን አውሮፓ ገቡ። ብሩስ በ1782 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ኮሶም፣ ዋጊኖስም፣ እንሰትም ከነሥዕላቸው አሉ። የእኛን ዛፍ ባዕድ በወረቀት ይዞልን፣ እኛ ከደጃችን ረሳነው።

ባሕር ዛፍን ልወቅስ አይደለም። እኔን ዲፕሎማ ያስያዘኝ የአባቴ ባሕር ዛፍ ሽያጭ ነው። ቤታችንም የቆመው በእሱ ነው። ግን አባቴ እሱን ለመትከል አንድ ትልቅ ዋንዛ ቆርጧል። ዋንዛው የነበረበትን ቦታ ዛሬ የምናውቀው እሱና እኔ ብቻ ነን።

ስለዚህ የልጆቹን ባሕር ዛፍ አላስነቀልኩም። በየግንዱ ላይ "ከ1887 ወዲህ" የሚል ትንሽ ወረቀት አስለጠፍኩና ከጎኑ ጽድ፣ ወይራና ዋንዛ ጨምሩ አልኳቸው። አሁን እየሠሩ ነው።

ለእናንተም የቤት ሥራ አለኝ፦ ዛሬ ማታ ለእናት ለአባታችሁ ወይም ለአያታችሁ ደውሉና "ድሮ ግቢያችን ውስጥ የቆመው ዛፍ ምን ነበር?" በሏቸው። ስሙን እዚህ ጻፉልኝ፤ በሽቦ እንሠራዋለን።