የዲሹ አቅጣጫ፦ ከዘመሮ ጣሪያ የታየ የቴሌቪዥን ታሪክ

ስለ ኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታሪክ እስካሁን የተጻፈው አብዛኛው ስለ ላኪው ነው። ጣቢያውን ማን እንዳቋቋመው፣ ዜናውን ማን እንዳነበበው፣ በየዘመኑ የየትኛው መንግሥት ልሳን እንደነበረ በየመጽሐፉና በየመጽሔቱ ተወስቷል። ስለ ተቀባዩ የተባለው ግን ጥቂት ነው። ምስሉ ሲጠፋ መሰላል ተሸክሞ ጣሪያ ላይ የሚወጣው፣ አንቴናውን እያዞረ «አሁንስ?» ብሎ ወደ ቤት ውስጥ የሚጮኸው ሰው የታሪክ ጸሐፊ አላገኘም። ይህ ሰው ላለፉት ስድሳ ዓመታት ሲጠይቅ የኖረው ጥያቄ አንድ ነው፦ ምስሌን ያጠፋብኝ ማን ነው? ነፋሱ ነው? ተራራው ነው? ወይስ መንግሥት?

ውድ አንባቢ ሆይ፣ ጥያቄው ቀልድ እንዳይመስልህ። ሦስቱም ጥፋተኞች በመስኮቱ ላይ የሚተዉት አሻራ ተመሳሳይ ነው። ይህ መመሳሰል ለሥልጣን የሰጠውን ጥቅም መመርመር ደግሞ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው። ለምርመራው የመረጥኩት ሰገነት አዲስ አበባ ሳይሆን ዘመሮ ነው፤ የመንዝ ደጋ፣ ብርዱና ነፋሱ ከሰው ጋር የሚኖርበት አገር።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭት የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው። ቀኑ የንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል መታሰቢያ ነበር። መሣሪያውን በመትከል የረዳው ቶምሰን የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ሲሆን ስቱዲዮውም በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ነበር። በዚያ ዘመን የምስሉ ሞገድ ይደርስ የነበረው በዋናነት መዲናይቱንና ዙሪያዋን ነው። ከዚያ ውጭ ያለው ሕዝብ ቴሌቪዥን የሚባል ነገር መኖሩን በወሬ ይሰማ ነበር እንጂ ዓይኑን አላሳረፈበትም።

የዚህ ርቀት ትርጉም ፍንትው ብሎ የወጣው በ1967 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ነው። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በወሎ ረኃብ ላይ የሠራው «ያልታወቀው ረኃብ» የተሰኘው ፊልም በዕንቁጣጣሽ ምሽት፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በወረዱበት ዕለት ዋዜማ፣ ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስሎች ጋር እየተፈራረቀ በቴሌቪዥን ታየ። አብዮቱን ከቀረጹት ምሽቶች አንዱ መሆኑን ብዙዎች መስክረዋል። ነገር ግን አስተውል፤ የረኃቡ ባለቤት የሆነው ወሎ ያንን ፊልም አላየም። ወሎን የሚጎራበቱት የግሼና የመንዝ ሰዎችም አላዩም። የራሳቸውን አገር ሰቆቃ ያየላቸው የአዲስ አበባ ሳሎን ነበር። የማን ጣሪያ ሞገድ ይይዛል የሚለው ጥያቄ እንግዲህ ከመጀመሪያውም የፖለቲካ ጥያቄ ነበር ማለት ነው።

ደርግ ማሠራጫዎቹን ወደ ክፍለ ሀገራት ማስፋፋቱ አይካድም። በ1977 ዓ.ም. መባቻ፣ ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመትና ለኢሠፓ ምሥረታ ሲባል፣ ሥርጭቱ ባለቀለም ሆነ። ባለቀለሙ ምስል ግን የተራራን ሕግ አልሻረም። የምድር ማሠራጫ የሚልከው ሞገድ እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ ይጓዛል፤ ተራራ ሲጋርደው ይቆማል፣ ገደል ውስጥ አይወርድም። የመንዝ መልክዐ ምድር ደግሞ ለዚህ ሞገድ የተዘጋጀ ወጥመድ ይመስላል። ከፍታው ከባሕር ወለል ሦስት ሺህ ሜትር ገደማ ቢሆንም ሜዳው በወንዞችና በሸለቆዎች የተሸነሸነ ነው። አፋፍ ላይ የቆመ ቤት ሩቅ ካለ ማሠራጫ ምስል ሊለቅም ሲችል፣ ከመቶ ሜትር በታች በተረተሩ ጥግ ያለው ጎረቤት ነጭ ብናኝ ብቻ ያያል። ሌላም አስቸጋሪ ነገር አለ። ሞገዱ ከፊት ለፊት ሲመጣና ከገደሉ ግድግዳ ተጋጭቶ ደግሞ ዘግይቶ ሲደርስ፣ አንድ ዜና አንባቢ ሁለት ይሆናል፤ እውነተኛውና ከጎኑ የቆመው ጥላው። መድኃኒቱ የሞገድ ኃይል መጨመር ሳይሆን የአንቴናውን ፊት በጥቂቱ አዙሮ የተንጸባረቀውን ሞገድ እንዳይቀበል ማድረግ ነው። ይህን ሳያውቁ ዘንጉን በማስረዘም የደከሙ ስንቶች ናቸው!

በዚያ ዘመን አንቴናውን ቢያዞሩትም ቢያስረዝሙትም የሚገኘው ጣቢያ አንድ ብቻ ነበር። ጥያቄው «ይታያል ወይስ አይታይም?» እንጂ «የትኛውን ልይ?» አልነበረም። ምስሉ ሲጠፋም መንግሥትን የሚጠረጥር አልነበረም፤ የገዛ ራሱን ድምፅ የሚያፍን መንግሥት የለምና።

ይህን ሁሉ የለወጠው ዲሽ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ በአዲስ አበባ ባለጸጎች ግቢ ውስጥ የታዩት ሳህኖች የአንድ ክፍል ያህል ቦታ የሚይዙ ነበሩ። በ1990ዎቹና ከዚያ በኋላ ግን ከአንድ ሜትር በታች የሆኑት ትናንሽ ዲሾችና ርካሽ ሪሲቨሮች ገበያውን አጥለቀለቁት። ለደጋ ሰው የዲሽ ተአምር ተራራን መናቁ ነው። ሳተላይቱ የሚገኘው ከምድር ወገብ በላይ በሠላሳ ስድስት ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ነው። ከመንዝ ሰማይ ላይ ሲታይ የግብፁ ናይልሳት በምዕራብ በኩል ከአድማስ 35 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ሲቀመጥ፣ ዐረብሳት ደግሞ ወደ ደቡብ ምዕራብ 70 ዲግሪ ገደማ ከፍ ይላል። ሞገዱ ከላይ ስለሚወርድ ሸለቆ ውስጥ ያለውም ቤት፣ ግንብ የሚያህል ገደል ከፊቱ ካልቆመ በቀር፣ እንደ አፋፉ ቤት ይቀበላል። በአንድ ማማ ላይ ቆሞ የነበረው የመንግሥት ብቸኝነት በዚህች ሳህን ተናደ።

መንግሥትም ዝም አላለም። መጋቢት 2002 ዓ.ም. ላይ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ሥርጭት ከሩዋንዳው የእልቂት ሬዲዮ ጋር አመሳስለው፣ ለማፈን ዝግጅት እንዳለ በአደባባይ ተናገሩ። በሚያዝያ ወር ኢሳት ቴሌቪዥን ከውጭ አገር ሥርጭት ጀመረ፤ ወዲያውም ሞገዱ ይታወክ ጀመር፣ ከሳተላይት ወደ ሳተላይትም ተሰደደ። በ2004 ዓ.ም. ዐረብሳት በጣቢያዎቹ ላይ የደረሰው አፈና ምንጩ የኢትዮጵያ ምድር መሆኑን አስታወቀ፤ የሊባኖስ ባለሥልጣናትም የአገራቸው ጣቢያዎች በማያውቁት ጠብ መጎዳታቸውን ተናገሩ።

ሊባኖስ ከዚህ ጠብ ምን አገባት? እዚህ ላይ የአፈናውን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። የሳተላይት አፈና በተመልካቹ ሰፈር የሚካሄድ አይደለም። አፋኙ ከምድር ወደ ሳተላይቱ ከዋናው ላኪ የበረታ ትርጉም የለሽ ሞገድ ይተኩሳል። ሳተላይቱም ደግ አገልጋይ ነውና የተቀበለውን ሁሉ ሳይመርጥ ወደ ምድር ይመልሳል። በአንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ ብዙ ጣቢያዎች ስለሚሣፈሩ አንዱን ለመምታት የተወረወረው ድንጋይ ጎረቤቶቹንም ይፈነክታል። የቤይሩቱ ተመልካች ሪሲቨሩን ሲደበድብ፣ የችግሩ ምንጭ ከቀይ ባሕር ማዶ እንደሆነ በምን ያውቃል?

የዘመሮውም ተመልካች እንዲሁ ነበር። ምስሉ ተቆራርጦ ሲቆም መጀመሪያ የሚጠረጥረው ነፋስ ነው፤ በመንዝ ነፋስን መጠርጠር አያሳፍርም። ጣሪያ ላይ ይወጣል፣ በትክክል የቆመውን ዲሽ ያነቃንቃል፣ አፈናው ሲቆምም በገዛ እጁ አጥፍቶታልና ምስሉ አይመለስም። አንዳንዱ በዚህ መንገድ የራሱ አፋኝ ሆነ። አፋኙም «አላደረግሁም» ለማለት እንኳ አልተገደደም፤ ጥፋቱን ዝናብ፣ ነፋስና ያረጀ ገመድ ተሸክመውለታልና።

ነገር ግን መለያ ነበረው። ሪሲቨሩ ሁለት መስመሮችን ያሳያል፤ አንዱ የሲግናሉን ብርታት፣ ሌላው ጥራቱን። ነፋስ ዲሹን ካዞረው ወይም ከባድ ዝናብና በረዶ ከጋረደው ጥራቱ ይወርዳል፤ የሚጠፋውም አንድ ጣቢያ ሳይሆን የዚያ ሳተላይት ጣቢያ ሁሉ ነው። ገመዱ ከተቆረጠ ወይም ኤል ኤን ቢው ከተቃጠለ ሁለቱም ይሞታሉ። ብርታቱ እንደነበረ ቆሞ ጥራቱ ዜሮ ከገባ፣ ያም የሆነው በአንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ ብቻ ከሆነና የዚያው ሳተላይት ሌሎች ጣቢያዎች ጥርት ብለው ከታዩ፣ አንድም ጣቢያው ራሱ አቋርጧል፣ አንድም ሌላ እጅ ገብቶበታል። ከጣሪያው ውረድ፤ ጥፋቱ ያንተ አይደለም።

በ2009 ዓ.ም. ነገሩ ከሰማይ ወደ ምድር ወረደ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁን ተከትሎ በጥቅምት ወር የወጣው መመሪያ ኢሳትንና ኦ.ኤም.ኤንን ማየትን ራሱን ከለከለ። ልብ በል፤ የተከለከለው ማሠራጨት ሳይሆን በገዛ ቤት ተቀምጦ ማየት ነው። በአንዳንድ አካባቢዎች ዲሾች መነቀላቸውም በወቅቱ ሲዘገብ ነበር። ሬዲዮ በብርድ ልብስ ሥር ይደመጣል፤ ዲሽ ግን አይደበቅም፣ ወዴት እንደሚያይ ከመንገድ ይታያል። ይሁንና የዲሽ ፊት መጥፎ ምስክር ነው። ወደ ናይልሳት የዞረ ዲሽ የሚይዘው የዐረብ ፊልም፣ የሃይማኖት ስብከት፣ የእግር ኳስ ወሬና የመንግሥቱን ጣቢያ ጭምር ነበር። በአቅጣጫ ብቻ ሰውን መጠርጠር፣ ፊቱን ወደ ገበያ ያዞረውን ሁሉ ሌባ እንደ ማለት ነው።

ግንቦት 2010 ዓ.ም. ላይ በሁለቱ ጣቢያዎች ላይ የነበረው ክስ ተቋረጠ። ብዙም ሳይቆይ ሌላ ዓይነት ዲሽ የማዞር ዘመን መጣ። እ.ኤ.አ. በ2019 የኢትዮጵያ ብሮድካስተሮች ማኅበር ኤስ ኢ ኤስ ከተባለው የሳተላይት ኩባንያ ጋር ኢትዮሳትን ጀመረ፤ መቀመጫውም በምሥራቅ 57 ዲግሪ ላይ ያለው ኤን ኤስ ኤስ 12 ሳተላይት ሆነ። በተከታዮቹ ዓመታት የአገር ውስጥ ጣቢያዎች ናይልሳትን እየለቀቁ ወጡ። የሕዳሴው ግድብ ክርክር በጋለበት ወቅት በግብፅ ኩባንያ ሳተላይት ላይ መኖር ለብዙዎች እንግዳ ነገር መስሎ ነበርና ውሳኔው ደጋፊ አላጣም።

ዋጋው የተከፈለው ግን በየጣሪያው ነው። በመንዝ ወደ ምዕራብ አዘንብሎ የቆመው ዲሽ ወደ ደቡብ ምሥራቅ መዞር፣ ከ35 ዲግሪም ወደ 66 ዲግሪ ገደማ ቀና ማለት ነበረበት። ብዙዎች በአግድም ካዞሩት በኋላ ቀና ማድረጉን ረስተው ቀኑን ሙሉ ባዶ ሰማይ ሲያስሱ ዋሉ። ሁለቱንም ሳተላይት በአንድ ዲሽ ለመያዝ ሁለተኛ ኤል ኤን ቢ የጨመሩም ከንቱ ደከሙ፤ በ64 ዲግሪ የተራራቁ ሳተላይቶች በአንድ ትንሽ ሳህን አይሰበሰቡም፣ ሁለት ዲሽ ይፈልጋሉ። የአገር ውስጥ ጣቢያዎች በአንድ ሰማያዊ ሰፈር መሰብሰባቸው ለተመልካች ምቹ መሆኑን አልክድም። በር በበዛበት ቤት የነበረው ግን በአንድ በር ወደሚገባበት ቤት መዛወሩንም አንርሳ።

ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ሲቋረጥ፣ ጊዜ አልፎበታል የተባለው ዲሽ ለብዙ ቤት እንደገና የዓለም መስኮት ሆነ። ምስል ሲቆራረጥ ሴራ መጠርጠሩም አብሮ ተመለሰ። ለጠርጣሪዎች አንድ ነገር ልጨምር፦ በመስቀል ሰሞንና በመጋቢት የመጀመሪያ ሳምንት ገደማ፣ ከረፋዱ 5 ሰዓት አካባቢ፣ ፀሐይ በኢትዮሳት ትክክል ከኋላው ትቆማለች። የምታመነጨው የሬዲዮ ሞገድ የሳተላይቱን ደካማ ሞገድ ስለሚውጠው ለተከታታይ ጥቂት ቀናት ምስሉ ለደቂቃዎች ሊቆራረጥ ይችላል። ያን ጊዜ መሰላሉን ተወውና ወደ ጎረቤትህ ተጣራ፤ «የእናንተስ ይሠራል?» በለው። የእሱም ከጠፋ ዲሽህን አትንካ።