የተከራየ አዳራሽ፦ የቪዲዮ ስብሰባ አገልግሎት በካዛንቺስና በቂርቆስ ታሪክ ውስጥ



የዛሬው ርእሰ ጉዳዬ ሲሰሙት ገና የትናንት ይመስላል። በብዙ አገር የሚሠራ አንድ ትልቅ ድርጅት የቪዲዮ ስብሰባውን ሥራ፣ ማለትም መሣሪያውን፣ መስመሩን፣ ሶፍትዌሩንና ባለሙያውን፣ በራሱ ሠራተኞች ማሠራቱን ትቶ ለውጭ አቅራቢ በውል ሲሰጥ ምን ያተርፋል? ምንስ ያጣል? ጥያቄው ዘወትር የሚነሣው በሥራ አመራርና በኮምፒውተር ትምህርት ክፍሎች ነው። እኔ ግን በአንድ ሠፈር ታሪክ ውስጥ ልመረምረው እወዳለሁ። በአህጉራችን ውስጥ የስብሰባ ሥራ ራሱን የቻለ መተዳደሪያ የሆነባቸው ሠፈሮች ጥቂት ናቸው፤ ካዛንቺስና የቂርቆስ አካባቢ ከእነዚያ ግንባር ቀደሞቹ ናቸው። በንግግሬ ውስጥ ዓ.ም. የምለው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ የአውሮፓውያኑን እ.ኤ.አ. እያልሁ እለየዋለሁ።

ካዛንቺስ የሚለው ስም ራሱ ከሩቅ የመጣ ነው። በጣልያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ያሠራ የነበረው የሮም ተቋም በምሕጻር ኢንቺስ ይባል ነበር። ያሠራቸው ቤቶች «ካዜ ኢንቺስ» ተባሉ፤ የአዲስ አበባ ሰው አፍ ደግሞ ካዛንቺስ አደረጋቸው። ሠፈሩ ከመነሻው የሩቅ መሥሪያ ቤት ሠራተኞችን ሲያስተናግድ ኖሯል ማለት ነው።

የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በሚያዝያ 1950 ዓ.ም. ተቋቁሞ መቀመጫው አዲስ አበባ ሲሆን፣ ይህ የአስተናጋጅነት ዕጣ አዲስ መልክ ያዘ። ንጉሠ ነገሥቱ ያሠሩትና ጣልያናዊው አርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው የአፍሪካ አዳራሽ በጥር 1953 ዓ.ም. ተመረቀ። በአፈወርቅ ተክሌ የተሠራውና 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነው ባለ ቀለም መስታወት ዛሬም የሚያስደንቀን የዚያ ሕንጻ ጌጥ ነው። ለዛሬው ጉዳዬ ግን ከመስታወቱ ይልቅ የሚጠቅመኝ ሌላ ነገር ነው፤ እርሱም የአስተርጓሚዎቹ ሥራ ነው።

ተናጋሪው ሳያቋርጥ ንግግሩን በሌላ ቋንቋ የማሰማት ሥራ ከባድ ነው። አስተርጓሚዎች በአንዲት ድምፅ በማያስገባ ክፍል ሁለት ሁለት ሆነው ይቀመጣሉ፤ አእምሮ ስለሚዝል በግማሽ ሰዓት ገደማ ይቀያየራሉ። የተናጋሪውን ከንፈርና እጅ ማየት፣ ትንፋሹን ሳይቀር መስማት ይኖርባቸዋል። የአፍሪካ መሪዎች ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. በዚህ አዳራሽ የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ቻርተር ሲፈርሙ፣ የሥራ ቋንቋዎቹ ቢቻል የአፍሪካ ቋንቋዎች፣ እንዲሁም እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ እንዲሆኑ ደንግገዋል። ያ አንቀጽ በተግባር የሚኖረው በመካከል የሚያስተረጉም ሰው ሲኖር ብቻ ነበር።

ያን ጊዜም ቢሆን ሁሉም ሥራ በቋሚ ሠራተኛ የተሠራ ነው ለማለት አልደፍርም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ለስብሰባ ወቅት ብቻ የሚቀጠሩ ነጻ አስተርጓሚዎችን ሲያሠራ ኖሯል። ነገር ግን ሰዎቹ የሚሠሩት በተቋሙ ጣሪያ ሥር፣ በተቋሙ መሣሪያ፣ በተቋሙ ኃላፊዎች ትእዛዝ ነበር። ድምፁ ከጠፋ ማን እንደሚጠየቅ ይታወቃል። ቃለ ጉባኤው ከጠፋም የት እንደሚፈለግ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1996 በዚሁ ግቢ የተከፈተው የተባበሩት መንግሥታት የስብሰባ ማእከልም ይህንኑ ሥርዓት አስፍቶ ቀጠለ። በዙሪያውም ከሒልተን ጀምሮ ትልልቅ ሆቴሎች፣ የታክሲ ነጂዎች፣ የጽሕፈትና የቅጂ ቤቶች፣ ምግብ ቤቶች በእንግዳው እግር ተተከሉ።

አሁን ወደ መስመሩ ልሻገር። በሱሉልታ የሳተላይት ምድር ጣቢያ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። ኢንተርኔት በቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን በኩል ለሕዝብ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ከዚያ በፊት፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በኢኮኖሚ ኮሚሽኑ ውስጥ የነበረው ፓዲስ የተባለ የመረጃ ክፍል በስልክ መስመር እየደወለ ኢሜይል ያመላልስ ነበር። ያን ጊዜ ተቋሙ ለራሱም ለአካባቢው ምሁራንም ፖስተኛ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1996 የኮሚሽኑ የሚኒስትሮች ጉባኤ የአፍሪካን የመረጃ ኅብረተሰብ መርሐ ግብር ያጸደቀውም ይህ ልምድ በቤቱ ውስጥ በነበረበት ወቅት ነው።

በሌላው ዓለም ምስልን ከድምፅ ጋር በመስመር የማስተላለፍ ሙከራ ቀደም ብሎ ተጀምሯል። የአሜሪካው ኤቲ ኤንድ ቲ «ፒክቸርፎን» የተባለውን ባለ ምስል ስልክ እ.ኤ.አ. በ1964 በኒው ዮርክ ትርኢት አሳየ፤ በ1970 በፒትስበርግ ለገበያ አቀረበው፤ ነገር ግን ዋጋው ከበደና ገዢ አጣ። ቴክኖሎጂው በትልልቅ ኩባንያዎች ቤት የገባው የተለያዩ ፋብሪካዎች መሣሪያዎች እርስ በርስ እንዲግባቡ ያደረገ ዓለም አቀፍ መለኪያ በ1990 ከወጣ በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲያ የገጠመው ችግር የመሣሪያ መሆኑ ቀርቶ የአስተዳደር ሆነ። በሦስት አህጉር ያሉ አሥር ክፍሎችን በአንድ ስብሰባ ለማገናኘት ምስሉንና ድምፁን ሰብስቦ መልሶ የሚያከፋፍል ማእከላዊ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ ባለሙያዎቹ «ድልድይ» ይሉታል። ድልድዩ ውድ ነው፤ በጥቂት ዓመት ያረጃል። ጠዋት ሥራ ፈትቶ ይውላል፤ ከሰዓት በኋላ አውሮፓና አሜሪካ አብረው ሲነቁ ይጨናነቃል። ሌሊቱንም የሚጠብቅ ባለሙያ ይፈልጋል። ሳሙናና የጽዳት ዕቃ የሚያመርተው ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ለምሳሌ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 የኮምፒውተር ሥራውን በ10 ዓመትና በ3 ቢሊዮን ዶላር ውል ለሒውሌት ፓካርድ ሰጠ። በኋላም በየአገሩ ያሉትን የምስል ስብሰባ ክፍሎቹን ሲስኮ እንዲተክልለትና እንዲያስተዳድርለት አደረገ። ስሌቱ ግልጽ ነው፤ ኩባንያው የሚያውቀው ሳሙና መሥራትን እንጂ ድልድይ መጠበቅን አይደለም።

ወደ አገራችን ስንመለስ ይኸው ስሌት በሌላ ልብስ ይታያል። የመንግሥት የወረዳ ኔት መርሐ ግብር በመቶዎች የሚቆጠሩ ወረዳዎችን ከክልልና ከፌደራል መሥሪያ ቤቶች ጋር በምስል ስብሰባ ሊያገናኝ ሲነሣ፣ ብዙዎቹ የወረዳ ከተሞች አስተማማኝ የስልክ መስመር እንኳ አልነበራቸውም። ስለዚህ ሳተላይት ዋና መንገድ ሆነ። ከዚህ ጎን ለጎን የመላው አፍሪካ የኤሌክትሮኒክ መረብ መጣ። የሕንድ መንግሥት ወጪውን ሸፍኖ፣ ከአፍሪካ ኅብረት ጋር እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2005 የተፈረመውን ስምምነት ቲሲአይኤል የተባለው የሕንድ የቴሌኮም አማካሪ ድርጅት እንዲፈጽም አደረገ። የሙከራው አገር ኢትዮጵያ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2007 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዴልሂ ካለ ዩኒቨርሲቲ ጋር፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ደግሞ በሐይደራባድ ካለ ሆስፒታል ጋር ተገናኙ። መረቡ በ2009 በይፋ ሲመረቅ ከትምህርትና ከሕክምናው ሌላ የአገር መሪዎች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ልዩ መስመርም ነበረው። ከ40 በላይ አገሮችን ያቀፈው ይህ መረብ ማእከላዊ የምድር ጣቢያው ዳካር ነበር።

እስኪ ይህን ነገር ቆም ብለን እናስተውለው። መሪዎች የሚነጋገሩበት መስመር ባለቤቱ አንድ፣ ከፋዩ ሌላ፣ የሚያንቀሳቅሰው ደግሞ ሦስተኛ ወገን ሆነ። ተከታዩ መርሐ ግብር፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ስምምነቱ የተፈረመው፣ የሳተላይቱን መንገድ ትቶ በተራው ኢንተርኔት ላይ ተመሠረተ። ሳህኖቹና ክፍሎቹ ያስፈልጉ የነበሩት ለአንድ ትውልድ ያህል እንኳ አልሆነም። ንብረት መግዛት ሁልጊዜ ብልኅነት እንዳልሆነ ይህ ያሳያል፤ ለውጭ አቅራቢ መስጠትን የሚደግፉ ሰዎች ጠንካራው ክርክራቸውም ይኸው ነው።

የመስመሩ አስተዳደር ራሱም በውል ተሰጥቶ ያውቃል። በኅዳር 2003 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ሲቋቋም አመራሩ ለፍራንስ ቴሌኮም በሁለት ዓመት ውል ተሰጥቶ ነበር። ከዚያው ዘመን ብዙም ሳይርቅ፣ ዓለም በቃኝ ይባል የነበረው እስር ቤት ፈርሶ በቦታው በቻይና መንግሥት 200 ሚሊዮን ዶላር የተሠራው የአፍሪካ ኅብረት ሕንጻ በጥር 2004 ዓ.ም. ተመረቀ። እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ለሞንድ የተባለው የፈረንሳይ ጋዜጣ የሕንጻው የኮምፒውተር መረጃ በየሌሊቱ ወደ ሻንጋይ ይላክ እንደነበር ዘገበ። ቻይና ዘገባውን ሐሰት አለች፤ የኅብረቱ መሪዎችም አስተባበሉ። የእኔ ድርሻ በዚህ ላይ ፍርድ መስጠት አይደለም። ለታሪክ ተመራማሪ የሚበቃው ክርክሩ መነሣቱ ነው፤ መሣሪያውንም ገመዱንም የተከለው ሌላ ሲሆን ባለቤቱ በራሱ ዕውቀት «አልሆነም» ብሎ ማስረዳት ይቸግረዋል።

ከዚያ የ2012 ዓ.ም. ወረርሽኝ መጣ። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ታማሚ መጋቢት 4 ቀን ተገኘ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019 በቀን 10 ሚሊዮን የስብሰባ ተሳታፊዎች ያስተናግድ የነበረው ዙም በሚያዝያ 2020 ቁጥሩ 300 ሚሊዮን ደረሰ። የኢኮኖሚ ኮሚሽኑ የሚኒስትሮች ጉባኤም በመጋቢት 2013 ዓ.ም. ከፊሉ በአዳራሽ፣ ከፊሉ በስክሪን ተካሄደ። ቀድሞ አዳራሹ የተቋሙ፣ መስመሩ የተከራየ ነበር። አሁን አዳራሹም ጭምር የሚከራይ ሆነ፤ በወር ሒሳብ፣ ባለቤቱ ከውቅያኖስ ማዶ ሆኖ።

የዚህ ኪራይ ጥቅሙ እውነተኛ ነው። የአውሮፕላን ትኬት መግዛት የማይችል ትንሽ መሥሪያ ቤት ከሚኒስትር እኩል ይገባል። ከጎንደር ያለ ተመራማሪ ቂርቆስ ሳይደርስ ጥያቄ ይጠይቃል። ነገር ግን ሦስት ጉዳቶች በዚያው ዓመት ፊት ለፊት ታዩ።

አንደኛው መስመሩ ነው። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ከሁለት ሳምንት በላይም ቆየ። ሰው ከቤቱ እንዲሠራ በሚመከርበት ወቅት፣ በኢንተርኔት ብቻ የሚሠራ ሰው ሥራው ቆመ። ከውጭ አቅራቢ ጋር የተፈረመ የትኛውም ውል ይህን ሊመልስ አይችልም፤ አቅራቢው የሚያከራየው አዳራሹን ነው፤ መንገዱ በእጁ አይደለም። ከጥቅምት 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሳፋሪኮም በአዲስ አበባ ሁለተኛ አማራጭ መሆኑ የገበያውን ምርጫ አስፍቷል፤ መንግሥት ሁሉንም ሲዘጋ ግን ሁለተኛው መስመርም አብሮ ይዘጋል።

ሁለተኛው ድምፁ ነው። በስክሪን የሚመጣ ድምፅ ተጨምቆ ስለሚላክ ለተራው አድማጭ የሚበቃው ለአስተርጓሚ አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2022 ክረምት የአውሮፓ ፓርላማ አስተርጓሚዎች ከሩቅ ሆነው የሚናገሩ ሰዎችን አንተረጉምም ብለው ሥራ አቁመው ነበር፤ አቤቱታቸው ጆሯችን ተጎዳ የሚል ነው። በአፍሪካ አዳራሽ ዘመን ማይክሮፎን የመረጠው ተቋሙ ነበር። ዛሬ ማይክሮፎኑን የሚመርጠው ቤቱ የተቀመጠ ተናጋሪ ነው። በደካማ መስመር የሚናገረው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የደካማ አገር ተወካይ ነው፤ ስለዚህ ቃሉ በትርጉም መካከል የሚጠፋበትም እርሱ ነው። የ1955ቱ የቋንቋ አንቀጽ የሚፈተነው በዚህ ነው።

ሦስተኛው መዝገቡ ነው። የአፍሪካ አዳራሽን ታሪክ መጻፍ የሚቻለው ቃለ ጉባኤው፣ የድምፅ ቅጂውና ፎቶግራፉ በቤተ መዛግብት ስላለ ነው። የተከራየ ስብሰባ ቅጂ በአቅራቢው ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል፤ ውሉ ሲያልቅ ወይም ክፍያው ሲቋረጥ ሊጠፋ ይችላል። ከ50 ዓመት በኋላ የ2013ን ጉባኤ የሚያጠና ተማሪ በሳጥን ምን ያገኛል?

ከዚህ በመነሣት የማቀርበው ሐሳብ ጠባብ ነው። መሣሪያውን፣ ሶፍትዌሩን፣ የሌሊቱን ጥበቃ በውል መስጠት ተገቢ ነው፤ የኩባንያዎቹም የመንግሥታቱም ልምድ ይህን ይደግፋል። ነገር ግን ተቋሙ ከእጁ ማውጣት የማይገባው ሥራ አለ። መስመር ሲቋረጥ ስብሰባው በምን እንደሚቀጥል መወሰን፣ የአስተርጓሚውን የድምፅ መለኪያ ማስከበር፣ መዝገቡን በራሱ ቤት ማኖር፣ ይህንንም የሚያውቁ ጥቂት ባለሙያዎችን በደመወዝ ማቆየት የባለቤቱ ግዴታ ነው። ውሉን በሚገባ ለመቆጣጠር ሥራውን የሚያውቅ ሰው በቤት ውስጥ መኖር አለበትና።

የአፍሪካ አዳራሽ ከረዥም እድሳት በኋላ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. እንደገና ተመርቋል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ስብሰባ በስክሪን በሚደረግበት ዘመን ለአንድ የድንጋይና የመስታወት ክፍል ብዙ ገንዘብ ማውጣቱ፣ ራሱ ምስክርነት ነው። በዚያው ወራት ከአዳራሹ አጠገብ ያለው የካዛንቺስ ሠፈር ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ አይተናል። ስብሰባን ለ60 ዓመታት የመገቡት ምግብ ቤቶች፣ የቅጂ ሱቆችና ነዋሪዎቹ ተበትነዋል። የእነርሱ ሥራ በየትኛውም ውል ላይ አልተጻፈም ነበር፤ ስለዚህ ሲቋረጥም ያቋረጠው ማን እንደሆነ በውል አይታወቅም። ይህን መመዝገብ የእኛ የታሪክ ሰዎች ፋንታ ነው፤ በተለይ ተማሪዎቼ፣ የሚያስታውሱት አዛውንቶች በሕይወት ሳሉ ሄዳችሁ እንድትጠይቋቸው አደራ እላለሁ።