አዳማ ሳትቆረቆር የተንቀጠቀጠ ምድር

ነሐሴ 19 ቀን 1898 ዓ.ም. ስምጥ ሸለቆን ያናወጠው የመሬት መንቀጥቀጥ በሬክተር መለኪያ 6.5 ግድም እንደነበር ይገመታል። አዲስ አበቤውን አስደንግጧል፤ የአውሮፓ መሣሪያዎችም መዝግበውታል። የተመዘገበው ጉዳት ግን ጥቂት ነው። ይህን ይዞ «ሸለቆው ያን ያህል አያሰጋም» ለሚል ሰው ከሁሉ የተሻለው መልስ ያለው በካናዳዊው የጀስዊት ካህን በአባ ፒየር ጉዌን ሥራ ውስጥ ነው።

አፄ ፋሲል ያባረሯቸው ጀስዊቶች ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ግብዣ ሲመለሱ ለማስተማር እንጂ ለስብከት አልነበረም። አባ ጉዌንም በ1957 እ.ኤ.አ. አካባቢ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪውን አቋቋሙ። መሣሪያ ከመትከል አልፈው ዜና መዋዕል፣ የተጓዦች ማስታወሻና የቃል ምስክርነት እያመሳከሩ የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ በ1979 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አሳተሙ።

የ1898ቱ መንቀጥቀጥ መነሻው የት ነበር የሚለው ያከራክራል። ጉዌን ከምስክርነቶቹ ተነስተው ወደ ላንጋኖ ያደላሉ፤ እኔም ከእሳቸው ጋር ነኝ። የሰው ትዝታ ያጋንናል የሚለው ተቃውሞ ተገቢ ነው። ነገር ግን የዚያ ዘመን መሣሪያ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቆ የተተከለ ነበርና ቦታውን በብዙ ኪሎ ሜትር ሊስት ይችላል። አንዱ ዘንድ ግንብ ተሰንጥቆ ሌላው ዘንድ ዕቃ ብቻ ከተንኳኳ፣ ልዩነቱ ራሱ መነሻውን ይጠቁማል።

ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው፤ ታሪክ የሚመዘግበው ጸሐፊ ባለበት ነው። በ1898 ባቡሩ ገና ድሬዳዋ ላይ ነበር፤ አዳማ አልተቆረቆረችም፤ ባቱና ሻሸመኔም ዛሬ የምናውቃቸው ከተሞች አልነበሩም። የሣር ክዳን ጎጆ ቢወዛወዝም እንደ ግንብ ተንዶ ሰው አይጨፈልቅም። በ1953 ዓ.ም. የካራ ቆሬው መንቀጥቀጥ ማጀቴን ሲያፈራርስ ግን መንደር ነበረ፣ ጥፋቱም ተጻፈ።

ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ከፈንታሌ ወገን የተነሳው 5.7 ያህል መንቀጥቀጥ የደረሰው ግን ከተሞቹ ከተስፋፉ በኋላ ነው። በዚያ ሰሞን በአዋሽ ዙሪያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከቀዬው ተነስቷል። እንግዲህ አዳማ ላይ ለፎቅ የግንባታ ፈቃድ የሚፈርም መሐንዲስ ስሌቱን መጀመር ያለበት በ1898 ምን ያህል ሰው ሞተ ከሚለው ሳይሆን ምድሩ ምን ያህል ተናወጠ ከሚለው ነው።