ጎድኑ የሚቆጠር ሯጭ

ቴፒ ገበያ ዳር የሚንከላወሱትን ውሾች ልብ ብላችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እግራቸው ቀጭን፣ ደረታቸው ጠለቅ ያለ፣ ሆዳቸው ወደ ወገባቸው የተሰበሰበ ነው። የሯጭ አካል እኮ ነው። ጎድናቸው ግን አንድ በአንድ ይቆጠራል። አንዳንዱ ሰው «ዘራቸው ነው» ይላል። እኔ ታሪክ ነው እላለሁ፤ የምግብ ታሪክ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

«ውሻ በበላበት ይጮሃል» የሚለው ተረት የሚመቸው ለደጃፍ ውሻ ነው። ተኝቶ ለሚጮህ ፍርፋሪ ይበቃዋል። ከሚዛን ተፈሪ ወደ ቴፒና ወደ ማጃንግ ጫካ ሲወረድ ግን ውሻ የሚፈለገው ለመሮጥም ነበር። ሯጭ ደግሞ በፍርፋሪ አይሮጥም።

ነገሩ የሚጀምረው ከዝንብ ነው። በዚያ ቆላ ፄፄ ዝንብ አለ፤ እሱ የሚያስተላልፈው ገንዲ ከብት ይጨርሳል። አንትሮፖሎጂስቱ ጃክ ስቶደር በ1960ዎቹ ከማጃንጎች ጋር ኖሮ በ1971 ባሳተመው መጽሐፍ የምናገኘው ማኅበረሰብ ጫካ መንጥሮ በቆሎና ማሽላ የሚዘራ፣ ቀፎ የሚሰቅልና የሚያድን እንጂ ከብት አርቢ አይደለም። ከብት ከሌለ ወተት የለም፣ የሚታረድም የለም። ሥጋ የሚመጣው ከጫካ ነው፤ በጦር፣ በወጥመድና በውሻ። ውሻውም ራሱ ከገንዲ አያመልጥም፤ ያተኩሰዋል፣ ደሙ ያንሳል፣ ዓይኑ ይደፈርሳል። ትናንት የዱር አሳማ ያሯሯጠ ውሻ ዛሬ ጥላ ሥር ቢቀር «ሰነፈ» ከማለት በፊት ዓይኑን ማየት ነው።

ታዲያ አደን በሌለበት ቀን ምን ይበላል? ከሰው የተረፈውን፦ የበቆሎ ገንፎ፣ ጎደሬ፣ ከፍ ብሎ ከፋና ቤንች ውስጥ ደግሞ ቆጮ። ሁሉም ስታርች ነው። በ2013 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ስታርች የሚፈጨውን ኢንዛይም የሚያሠራው ጂን በተኩላ ሁለት ቅጂ ብቻ ሲኖረው በውሻ ከ4 እስከ 30 ይደርሳል። ስለዚህ ውሻ ቆጮ በልቶ ያድራል። ማደርና መሮጥ ግን ለየቅል ናቸው። የቆጮ ፕሮቲን እጅግ ጥቂት ነው፤ የውሻ ጡንቻ ደግሞ ረጅም ሩጫ የሚሮጠው በዋናነት በስብ ነው። በ1970ዎቹ ዴቪድ ክሮንፌልድ አሜሪካ ውስጥ በረዶ ላይ ጋሪ የሚጎትቱ ውሾችን የተለያየ ምግብ እያበላ ሲያጠና፣ በሥልጠናው ወቅት ቀይ የደም ሴላቸው ይበልጥ የጨመረው ስታርች የሌለበትን፣ ሥጋና ስብ የበዛበትን ምግብ የበሉት ናቸው። አላስካ ውስጥ የሚወዳደር ውሻ በቀን ከ10 ሺህ ካሎሪ በላይ ያቃጥላል። የቴፒ ውሻ ያን ያህል አያስፈልገውም፤ እሱን የሚያስቸግረው ሙቀቱም ጭምር ነው። ውሻ እንደኛ አያልበውም፣ በማለክለክ ነው የሚቀዘቅዘው፤ አየሩ እርጥብ ሲሆን ማለክለኩም ብዙ አይረዳውም። ፀሐይ ሳይበረታ ማለዳ መውጣት ለእሱ ትልቁ እረፍት ነው።

«ውሻ ካልተራበ አያድንም» የሚሉም አሉ። ግማሽ እውነት አለው። ሆዱን ሞልቶ የሮጠ ውሻ ይቸገራል፤ ዋናው ምግቡ ከሥራ በኋላ፣ ትንፋሹ ሲረጋጋ ቢሆን ይሻላል። ግን የአንድ ጠዋት ረሃብና የሦስት ወር ረሃብ አንድ አይደለም። የሦስት ወሩ ጡንቻውን ነው የሚበላው።

አሁን ወደ ሰዎቹ ልምጣ። በከፋ መንግሥት ማንጆ የሚባሉት አዳኞች ጉሬዛና የዱር አሳማ ስለሚበሉ «ርኩስ» ተብለው ተገለሉ፤ ከሌላው ጋር አብረው አይበሉም፣ ቤቱም አይገቡም ነበር። በ1897 ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ተማርኮ መንግሥቱ እስኪወድቅ ድረስ ግን የአገሩን በሮች የሚጠብቁት እነሱው ናቸው። ልብ በሉ፤ ውሻን ሯጭ የሚያደርገው ሥጋ ሰውን ከማዕድ አስነሣ። መገለሉም ከንጉሡ ጋር አልወደቀም።

ከዚያ አደኑ ራሱ ጠበበ። በ1944 የዱር አራዊት አደን የሚገድብ አዋጅ፣ በ1972 ደግሞ ደንብ ወጣ። በበቃና በቴፒ ሰፋፊ የቡና እርሻዎች መጡ። የከፋ ጫካ በ2010፣ የሸካ በ2012፣ የማጃንግ በ2017 በዩኔስኮ ባዮስፌር ሆነው ተመዘገቡ። ጫካው መጠበቁ ደግ ነው፤ ጉሬዛውም ይትረፍ። ብቻ በዚህ ሁሉ ወረቀት ውስጥ የውሻውን ድርሻ ያሰበ አልነበረም።

ሥራው ግን አልቀረለትም። በቆሎ ሲያሸት ዝንጀሮ ይመጣል፣ ሌሊት የዱር አሳማ ይመጣል፤ የሚያባርረው ያው ውሻ ነው። ሩጫው የድሮው ሩጫ ነው፣ መጨረሻው ላይ ግን ሥጋ የለም። ሲመለስ የቀዘቀዘ ገንፎ ይጠብቀዋል፤ አንዳንዴ እንቁላል ወይም የበሬ ሳንባ ቢጨመርበት እንዴት በተለወጠ። የቡና አተላ ግን ከፊቱ አርቁለት፤ ካፌይን ለውሻ መርዝ ነው፣ በቡና አገርም ቢሆን።