ያወቁትና የሄዱት

ስሙኝማ፣ ጠጋ በሉ። ይህን ታሪክ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ጣጣውም እሱ ነው፤ የሚያውቁትን ነገር ማን ደግሞ ይሰማል?

ከዕለታት አንድ ቀን ብዬ አልጀምርም፤ ዘመኑ የታወቀ ነውና። በሮም አውግስጦስ ቄሣር፣ በኢየሩሳሌም ሄሮድስ ነግሠው ነበር። ቄሣሩ ሕዝብ ይቆጠር ብሎ አዘዘ። የንጉሥ ቆጠራ ከኋላው ግብር እንደሚያስከትል ገበሬ ሁሉ ያውቃል። ዮሴፍ የሚባል አናጢ የታጨችለትን ማርያምን ይዞ ከናዝሬት ወደ አባቶቹ ከተማ ወደ ቤተልሔም ተነሣ። መንገዱ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ እሷም ወሯ የገባ ነፍሰ ጡር። ቢደርሱ ማደሪያ የለም። ሕፃኑ ተወለደ፣ በጨርቅ ተጠቀለለ፣ ከብት በሚበላበት ግርግም ተኛ።

እናቶቻችን እዚህ ላይ ሲደርሱ ላምና አህያ በትንፋሻቸው አሞቁት ይላሉ። ሉቃስን ብታገላብጡ ግን ላምም አህያም አታገኙም። ታዲያ ከየት መጡ? ከኢሳይያስ፣ ምዕራፍ 1 ቁጥር 3። ነቢዩ በሬና አህያ ጌታቸውን ሲያውቁ ሕዝቡ ግን አላወቀም ብሎ ወቅሶ ነበር። እንግዲህ በልደቱ ሥዕል ላይ ያሉት እንስሳት ለጌጥ የገቡ አይምሰላችሁ። ምስክር ሆነው ነው የቆሙት፤ የሚመሰክሩትም በሰው ላይ ነው።

ያን ሌሊት የምሥራቹ ለማን ደረሰ? ሜዳ ላይ ተራ ገብተው መንጋ ለሚጠብቁ እረኞች። እነሱም ይነጋና እንመካከር አላሉም፤ ፈጥነው ሄዱ። በአገራችን የገና ጨዋታን የጀመሩት እነዚህ እረኞች ናቸው ይባላል፤ ከደስታቸው ብዛት በያዙት በትር ጥንግ እየመቱ። በገና ዕለት ሎሌ ጌታውን በበትር ቢያገኘው ቁጣ የለም፤ ሁሉም እኩል ይሯሯጣል። እኔ እንደሆንኩ ይህ ጨዋታ ታሪኩን ከብዙ ስብከት ይልቅ ገብቶታል እላለሁ።

አሁን ወደ ኢየሩሳሌም እንውጣ። ከምሥራቅ ሰብአ ሰገል መጡ፤ ኮከብ አይተው ነው። ንጉሥ ተወለደ ከተባለ ቤተ መንግሥት ይጠየቃል ብለው፣ ሳያውቁ ነብር ደጃፍ ቆሙ። ሄሮድስ ማን ነው? ሚስቱን ማርያምኔን ያስገደለ፣ ከእርሷ የወለዳቸውን ሁለት ወንዶች ልጆቹንም ኋላ ያስገደለ ሰው ነው። አዲስ ንጉሥ ሲባል ደነገጠ፤ እሱ ሲደነግጥ ከተማው እንዴት አይደነግጥ? ካህናቱንና ጸሐፍቱን ሰበሰበና ክርስቶስ ወዴት ይወለዳል ብሎ ጠየቃቸው።

መለሱለት። ቤተልሔም ነው አሉት፤ ሚክያስ ምዕራፍ 5ን ጠቅሰው። አልተሳሳቱም፣ አልተጠራጠሩምም።

ከኢየሩሳሌም እስከ ቤተልሔም 10 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። በማለዳ የተነሣ እግረኛ ሳይረፍድ ይገባል። ከእነዚያ ሊቃውንት ግን አንድ ሰው እንኳ እስኪ ሄጄ ልይ ብሎ ስለመነሣቱ ማቴዎስ አንዲት ቃል አልጻፈም። መጽሐፉን የማያውቁት ባዕዳን ከሩቅ አገር መጥተው መንገዱን ጠየቁ፤ የሚያውቁት መንገዱን አሳዩና ቤታቸው ተቀመጡ። ልንገራችሁ፣ በዚያ አዳራሽ ትንቢቱን ከልቡ ያመነ ቢኖር ሄሮድስ ነው። አመነና ሰይፍ አስመዘዘ።

ሰብአ ሰገል ስንት ነበሩ? ማቴዎስ አልቆጠራቸውም። ሦስት ያደረግናቸው በስጦታው ቁጥር ነው፦ ወርቅ፣ ዕጣን፣ ከርቤ። አባቶች ሲተረጉሙት ወርቁ ለንግሥናው፣ ዕጣኑ ለአምላክነቱ፣ ከርቤው ለሞቱ ነው ይላሉ። እስኪ አስቡት፤ ለአስከሬን የሚሆን ሽቱ ይዞ አራስ የሚጠይቅ ማን ነው? ቅቤና ገንፎ በሚቀርብበት ቤት ከርቤ!

የእምነቱ ልብ ግን እዚህ ላይ ነው። ክርስትና አምላክ ሰው መሰለ አይልም፤ ሰው ሆነ ይላል። ሰው የሆነ ደግሞ ይራባል፣ ይበርደዋል፣ ይሞታል። እ.ኤ.አ. በ431 በኤፌሶን የተሰበሰቡት አባቶች ማርያምን ወላዲተ አምላክ ብለው ያጸኑት፣ ከእርሷ የተወለደው ሌላ፣ አምላክ ሌላ እንዳይባል ነው። ቤተ ክርስቲያናችንም ፅንሱን በቀን ትቆጥራለች። ከመጋቢት 29 ብሥራት እስከ ታኅሣሥ 29 ልደት 9 ወር ከ5 ቀን፣ ማለትም 275 ቀን ነው። ጳጉሜን 6 በሆነች ጊዜ በዓሉ በዘመነ ዮሐንስ ወደ ታኅሣሥ 28 የሚመለሰው አንዲት ቀን እንዳትተርፍ ነው። ለእውነተኛ እርግዝና እንጂ ለምሳሌ እንዲህ አይቆጠርም።

ሰብአ ሰገል በሕልም ተነግሯቸው በሌላ መንገድ ተመለሱ። ሄሮድስ መታለሉን ሲያውቅ በቤተልሔም ሁለት ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑ ወንዶች ሕፃናትን አስፈጀ። ዮሴፍ ግን ቀድሞ ሕፃኑንና እናቱን ይዞ በሌሊት ወደ ግብፅ ሸሽቶ ነበር፤ በጽጌ ወር የምናስበው ስደት ይኸው ነው። ለምን ነው ታዲያ የሕፃናቱ ፍጅት ከገና ወጋችን የሚወጣው? በዓል ያበላሻል ብለን ይሆናል። ወንጌላዊው ግን ልደቱንና ልቅሶውን በአንድ ምዕራፍ ነው የጻፋቸው።

የሄሮድስስ መጨረሻ? ከቤተልሔም 5 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በስሙ የጠራው ኮረብታ አለ፤ ሄሮድየም። አፈር አስከምሮ ከፍ ያደረገው፣ ቤተ መንግሥትና ምሽግ ያቆመበት ነው። የጥንቱ ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፉስ እንደጻፈው የተቀበረውም እዚያው ነው። ቤተ መንግሥቱ ዛሬ ፍርስራሽ ነው።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ዘንድሮ ገና ሲደርስ ዶሮው ከመቅረቡ በፊት ማቴዎስ ምዕራፍ 2ን ጮክ ብላችሁ ለልጆቻችሁ አንብቡላቸው። 23 ቁጥር ብቻ ናት። ቁጥር 4 ላይ፣ ካህናቱና ጸሐፍቱ ዘንድ ስትደርሱ ግን አትቸኩሉ፤ ለምን አልሄዱም ብላችሁ ልጆቹን ጠይቋቸው።