ከእንጨት ቁራጭ የተወለደ መሣሪያ

የአንድ መሣሪያ ርቀት የቱንም ያህል ቢሆን፣ ተገልጋዩ ካልተመቸው ዋጋ የለውም። ለዚህም የኪስ ኮምፒውተር ታሪክ ምስክር ነው።

አፕል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1993 ኒውተንን ለገበያ አቀረበ። መሣሪያው የእጅ ጽሑፍ እንዲያነብ የታሰበ ቢሆንም፣ ቃላትን እያሳሳተ ስላነበበ መሳለቂያ እስከ መሆን ደረሰ። መጠኑም ለኪስ አይመችም ነበር።

መሐንዲሱ ጄፍ ሃውኪንስ ግን ሌላ መንገድ ያዘ። በሸሚዝ ኪሱ ልክ እንጨት ቆርጦ ይዞ ይዞር ጀመር። ቀጠሮ መመዝገብ ሲያሻው እንጨቱን አውጥቶ የሚጽፍበት ይመስል ነበር። በዚህም አስፈላጊውን ተግባር ከትርፉ ለየ። ለጽሕፈቱም አብዛኛው የላቲን ፊደል ብዕር ሳይነሣ በአንድ ጭረት የሚጻፍበትን ግራፊቲ የተባለ ዘዴ አበጀ፤ ተገልጋዩ ጥቂት በመማሩ መሣሪያው አጥርቶ ማንበብ ቻለ። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ፓይለትም በሰፊው ተሸጠ።

ከ200 በላይ ሆሄያት ያሉትን ፊደላችንን በጠባብ የስልክ ገጽ ላይ ለሚያሰፍር ባለሙያም ትምህርቱ ይኸው ነው። ያልተመቸ እንጨት ያለ ኪሳራ ይጣላል፤ ከተመረተ በኋላ ግን የንድፉን ጉድለት ዕለት ዕለት የሚሸከመው ተገልጋዩ ነው።