የይለፍ ቃል መዝገብና ጠባቂዎቹ

የይለፍ ቃሎችን ሁሉ በአንድ ላይ የሚይዝ ፕሮግራም በራስ ሰርቨር ላይ፣ በኮንቴይነር (ፕሮግራምን ከሌሎች ለይቶ በሚያጥር ክፍል) አድርጎ መጫን ዛሬ ጥቂት ትእዛዞችን ብቻ የሚጠይቅ ሥራ ሆኗል። ልማዱ የቅርብ ጊዜ ቢመስልም ከስልሳ ዓመት በላይ የሆነ ታሪክ አለው፤ የይለፍ ቃሎች የተጻፉበትን መዝገብ ማን ይጠብቅ የሚለው ጥያቄ የተነሣው ብዙ ሰዎች አንድ ኮምፒውተር መጋራት በጀመሩበት ወቅት ሲሆን፣ ኮንቴይነር የሚባለው ዘዴም የተወለደው ከዚያው ከመጋራት ነው።

በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በፈርናንዶ ኮርባቶ የተመራው ቡድን እ.ኤ.አ. በ1961 ሲቲኤስኤስ የተባለውን ሥርዓት ለእይታ አቀረበ፤ ሥርዓቱ ብዙ ተጠቃሚዎች አንዱን ትልቅ ኮምፒውተር በየተርሚናላቸው፣ ማለትም በሽቦ በተያያዘ የመጻፊያ መሣሪያ፣ በአንድ ጊዜ እንዲሠሩበት የሚያስችል ነበር። ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ፋይልና የተመደበለት የማሽን ሰዓት ስለነበረው ማንነቱን የሚለይበት የይለፍ ቃል ተሰጠው፤ ቃሎቹ ግን እንዳሉ፣ ምንም ሳይሸሸጉ፣ በአንድ ፋይል ተጽፈው ተቀመጡ። በ1962 የተመደበለት ሰዓት አልበቃ ያለው የዶክትሬት ተማሪ አላን ሼር ይህ ፋይል እንዲታተም የሚጠይቅ ካርድ ዓርብ ማታ አስገብቶ ቅዳሜ ማለዳ የሁሉንም ሰው የይለፍ ቃል የያዘውን ወረቀት ወሰደ፤ ድርጊቱንም ከብዙ ዓመታት በኋላ ራሱ ተናገረ። በዚያው አሥርት ዓመት አጋማሽ ደግሞ ሁለት ጊዜያዊ ፋይሎች አንድ ስም በመያዛቸው ቦታ ተቀያየሩና፣ ወደ ሥርዓቱ ለሚገባ ሁሉ ከዕለቱ ማስታወቂያ ይልቅ የይለፍ ቃሎቹ ዝርዝር ይታየው ጀመር። ሌባ ያልነበረበት ይህ ሁለተኛው ክስተት ከመጀመሪያው ይልቅ አስተማሪ ነው፤ ጠባቂው ታማኝ ቢሆንም የመዝገቡ መኖር ብቻውን አደጋ እንደሆነ አሳይቷልና።

መፍትሔው በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሮጀር ኒድሃም በተሳተፈበት ሥራ ተገኘ፤ ይህም ሃሽ የሚባለውና የይለፍ ቃሉን ወደ ሌላ የምልክቶች ድርድር የሚለውጥ፣ ከውጤቱ ተነሥቶ ግን ወደ ቃሉ መመለስ የማይቻልበት ስሌት ነው። ሮበርት ሞሪስና ኬን ቶምፕሰን በቤል ላብስ ዩኒክስ ለተባለው ሥርዓተ ክወና ይህንኑ አሻሽለው በ1979 ባሳተሙት ጥናት ሶልት የተባለ ባለ 12 ቢት የዘፈቀደ ቁጥር ጨመሩበት፤ በዚህም አንድ ቃል በ4,096 የተለያዩ መልኮች ሊመዘገብ ስለሚችል፣ አጥቂው አስቀድሞ አስልቶ ያዘጋጀው ዝርዝር ብዙም አይጠቅመውም። ሰዎቹ ግን አልተሻሻሉም ነበር፤ ሁለቱ ተመራማሪዎች ከሰበሰቧቸው 3,289 የይለፍ ቃሎች ውስጥ 86 በመቶው እጅግ አጭር ወይም በመዝገበ ቃላት የሚገኝ በመሆኑ በቀላሉ የሚደረስበት ሆነ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በ1988፣ ኢንተርኔትን ያሽመደመደው ትል መሰል ፕሮግራም ለማንም ክፍት የነበረውን የሃሽ መዝገብ እያነበበ በ432 ቃላት ዝርዝር የይለፍ ቃሎችን ይገምት ነበር፤ የፕሮግራሙ ጸሐፊም የዚያው የሮበርት ሞሪስ ልጅ ነበር።

ሁለተኛው የታሪክ መስመር፣ የኮንቴይነሩ፣ የሚነሣውም ከ1979 ነው፤ በዚያ ዓመት በወጣው ሰባተኛው የዩኒክስ እትም ቸሩት የሚባል ትእዛዝ ታየ፤ አንድን ፕሮግራም ከፋይሎች ሁሉ የተመረጠ አንድ ማኅደር ብቻ እንዲያይ ያደርጋል። የዩኒክስ ዝርያ የሆነው ፍሪቢኤስዲ በ2000 ጄይል የሚባለውን ጠንከር ያለ አጥር አመጣ፤ የጉግል መሐንዲሶች በ2006 የጀመሩትና አንድ ፕሮግራም የሚወስደውን የማሽን ጉልበት የሚገድበው ሲግሩፕስ በ2008 በሊኑክስ ውስጥ ተካተተ። ሰሎሞን ሃይክስ በመጋቢት 2013 በአሜሪካ ሳንታ ክላራ ከተማ በአምስት ደቂቃ ንግግር ዶከርን ሲያስተዋውቅ አጥሩ ተሠርቶ ያለቀ ነበር፤ የዶከር ትልቁ አስተዋፅኦ ፕሮግራሙን ከሚያስፈልጉት ነገሮች ሁሉ ጋር ኢሜጅ በተባለ አንድ ጥቅል አድርጎ ከማሽን ወደ ማሽን ማጓጓዝን ማቅለሉ ነው፤ ባለሙያ ላልሆነው ሰው የሰርቨርን በር የከፈተለትም ይህ ነው።

የግለሰቡ መዝገብ እስከዚያ ድረስ ሌላ መንገድ ይዞ ነበር። ብሩስ ሽናየር በ1997 ያወጣው ፓስወርድ ሴፍና በ2003 የተከተለው ኪፓስ ቃሎቹን በአንድ ዋና የይለፍ ቃል መስጥረው በባለቤቱ ኮምፒውተር ያኖሩ ነበር፤ ሰው ግን ስልክና ሁለት ኮምፒውተር ሲይዝ ፋይሉን ማመላለስ አታከተውና እንደ ላስትፓስ ላሉ፣ መዝገቡን በራሳቸው ሰርቨር ለሚያስቀምጡ ኩባንያዎች አደራ ሰጠ። በ2022 ሰርጎ ገቦች ከላስትፓስ የደንበኞችን የይለፍ ቃል ካዝናዎች መጠባበቂያ ቅጂ ወሰዱ፤ የይለፍ ቃሎቹ የተመሰጠሩ ሲሆኑ የድረ ገጾቹ አድራሻ ግን አልተመሰጠረም ነበር።

አማራጩ ቀድሞ ተዘጋጅቷል። ቢትዋርደን በ2016 ኮዱን ለሁሉም ክፍት አድርጎ ቀረበ፤ የሰርቨር ክፍሉ በርካታ ኮንቴይነሮችንና የማይክሮሶፍትን የመረጃ ቋት የሚጠይቅ ከባድ ጭነት ስለነበር፣ በ2018 ረስት በተባለው ቋንቋ ከቢትዋርደን መተግበሪያዎች ጋር የሚግባባ ቀለል ያለ ሰርቨር ተጻፈ፤ ከ2021 ጀምሮም ቫልትዋርደን ተብሎ ይጠራል። አንድ ኮንቴይነር ይበቃዋል፤ ቋቱም አንድ የኤስኪዩላይት ፋይል ነው። ምስጠራው በተጠቃሚው መሣሪያ ላይ ስለሚፈጸም ሰርቨሩ ቃሎቹን ገልጦ አያያቸውም፤ ይሁንና አሳሹ የምስጠራ ተግባሩን በኤችቲቲፒኤስ ባልተጠበቀ ግንኙነት ስለማያሠራ፣ የሰርቨሩን ማንነት የሚያረጋግጥ የምስክር ወረቀት ያስፈልጋል፤ እርሱንም ሌትስ ኢንክሪፕት ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ ለሕዝብ በነጻ ይሰጣል።

በዚህ ሁኔታ ጠባቂነቱ ወደ ባለቤቱ ተመልሷል፤ ከእርሱም ጋር ኩባንያው ይሸከመው የነበረው የማደስና ቅጂ የማስቀመጥ ግዴታ መጥቷል፤ ብዙ የመጫኛ መመሪያዎችም የሚያልፉት ይህንኑ ነው። ኮንቴይነሩ ቢጠፋ በአንድ ትእዛዝ ይመለሳል፣ ቋቱ ያለበት የዳታ ማኅደር ግን አይመለስም፤ ስለዚህ ሰርቨር የሚያቆም ሰው የማኅደሩን ቅጂ በሌላ ማሽን አስቀምጦ፣ ከቅጂውም መልሶ መጫን መቻሉን ሳይፈትን የመጀመሪያውን የይለፍ ቃል ባያስገባበት ይሻላል።